ሌባሻይ የገባበት ቤት

ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ዕድሜያቸውን በዳኝነት ጨርሰው ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ወሬ ሲሰሙ ግን ዛሬም ችሎት ላይ እንደተቀመጡ ነው፤ ማስረጃ ካልቀረበ ራሳቸውን አይነቀንቁም። እኔ የማጠናው ቲ ሴል የሚባለውን ነጭ የደም ሴል ነው። ባለፈው እሑድ ምሳ ጠርተውኝ ስሄድ፣ ገና እጄን ሳልታጠብ ሦስት የሕክምና ካርድ ጠረጴዛው ላይ ደርድረው ጠበቁኝ። አንዱ የአሥራ ሁለት ዓመት የልጅ ልጃቸው የስኳር ክትትል ካርድ ነው። ሁለተኛው የሴት ልጃቸው የታይሮይድ ነው። ሦስተኛው የራሳቸው፤ ሁለቱ እጃቸው ላይ ለምጽ ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል። የተባባልነውን እንደማስታውሰው ጽፌዋለሁ። ዓመቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ጋሼ በየመሀሉ ሰባትና ስምንት እየቀነሱ ወደ እኛው ሲመልሱት የነበረውን ትቼዋለሁ።

ጋሼ፦ ሦስት ካርድ፣ ሦስት ክፍል፣ ሦስት ሐኪም። አንዱ ስኳር ይላል፣ አንዷ ታይሮይድ ትላለች፣ አንዱ ቆዳ ይላል። አንቺ ደግሞ ባለፈው በስልክ “የሦስቱም ጥፋተኛ አንድ ነው” አልሽኝ። መዝገቡ ይጣመር ካልሽ ምክንያትሽን አስረጂ።

እኔ፦ ይጣመር ነው የምለው፣ ጋሼ። ተጠርጣሪው ቲ ሴል ነው። የሚፈጠረው መቅኒ ውስጥ ነው፤ የሚሠለጥነው ግን ከደረት አጥንት ጀርባ፣ ከልብ በላይ ባለች ታይመስ በምትባል ዕጢ ውስጥ ነው። ሥራው እየዞረ የየሴሉን ደጃፍ ማየት ነው። እያንዳንዱ ሴል ውስጡ ከሚሠራው ፕሮቲን ቁርጥራጭ እየወሰደ ደጁ ላይ ያሰጣል። ቫይረስ የገባበት ሴል የቫይረሱንም ቁራጭ ያሰጣል። ቲ ሴል ያንን ሲያይ ወይ ራሱ ይገድለዋል፣ ወይ ሌሎች ገዳዮችን ይጠራበታል።

ጋሼ፦ የተሰጣውን እህል አይቶ ውስጥ ማን እንዳለ የሚያውቅ ዘበኛ። ደህና። የባለቤቱን እህል ከሌባው እህል በምን ይለያል?

እኔ፦ በፈተና። ታይመስ ውስጥ የገዛ ሰውነቱን ቁራጭ ሲያይ አጥብቆ የሚቆጣ ቲ ሴል እዚያው እንዲሞት ይደረጋል። ምንም የማይለይ ደንቆሮም ይሞታል። ከገቡት ከመቶ አምስቱ እንኳ በሕይወት አይወጡም። እስከ 1961 ድረስ ታይመስ የሞቱ ሴሎች መቃብር ብቻ ትመስል ነበር። ያን ዓመት ለንደን ውስጥ ዣክ ሚለር የሚባል ወጣት ሐኪም አዲስ ከተወለዱ አይጦች ታይመስን አወጣ። አይጦቹ ሲያድጉ በሽታ የማይችሉ ሆኑ፤ የሌላ አይጥ ቆዳ ሲለጠፍባቸው እንኳ እንደራሳቸው ተቀበሉት።

ጋሼ፦ ቆይ፣ ቆይ። ፈተናው ደረት ውስጥ ነው አልሽኝ። ቆሽት ሆድ ውስጥ ነው፤ ታይሮይድ አንገት ላይ ነው። ደረት ውስጥ የተቀመጠ ፈታኝ የቆሽትን እህል ከየት አምጥቶ ይፈትንበታል?

(ይህን ጥያቄ ተማሪዎቼ ሳይጠይቁኝ ስንት ሴሚስተር አልፏል።)

እኔ፦ ታይመስ ውስጥ ያሉ አንዳንድ ሴሎች የሌላውን ብልት ፕሮቲን ጥቂት ጥቂት ይሠራሉ። ኢንሱሊን እንኳ እዚያ ይገኛል፤ ለሥራ አይደለም፣ ለናሙና ነው። ብዙውን ናሙና የሚያሠራው ኤር የተባለ ጂን ነው። በ1997 የታወቀው በብርቅ የዘር በሽታ ከሚሰቃዩ ቤተሰቦች ነው፤ በሽታው በብዛት የሚታየው በፊንላንድ፣ በሰርዲኒያና በኢራን አይሁድ ዘንድ ነው። ጂኑ የተበላሸባቸው ልጆች ሆርሞን አመንጪ ዕጢዎቻቸው አንዱ በአንዱ ላይ እየተከተሉ ይወድማሉ። ናሙናው ስላልቀረበ ያልተፈተኑት ቲ ሴሎች ወጥተው እያንዳንዱን ብልት እንደ ባዕድ ያዩታል።

ጋሼ፦ የኛ ልጅስ ጂኗ ተበላሽቷል?

እኔ፦ የለም። የእሷ እንደዚያ ግልጽ አይደለም። ደግሞ ፈተናው ለማንም ፍጹም አይደለም። እርስዎም ደም ውስጥ፣ እኔም ደም ውስጥ፣ የራስን ቆሽት ወይም የራስን ነርቭ የሚያይ ቲ ሴል ዛሬም እየዞረ ነው። ብዙው ሰው ዕድሜ ልኩን ምንም ሳይሆን ይኖራል።

ጋሼ፦ እንግዲያው መኖሩ ብቻ ወንጀል አይደለም። ማድረጉን አሳዪኝ። ደግሞም እዚህ የልጅቷ ወረቀት ላይ “አንቲቦዲ ፖዘቲቭ” ነው የሚለው፤ ቲ ሴል የሚል አንድም ቦታ የለም። ዐይኔ ደክሟል እንጂ አልጠፋም።

እኔ፦ አንቲቦዲው ጭስ ነው፣ ጋሼ። ጭስ ለመለካት ቀላል ስለሆነ ላቦራቶሪው እሱን ይለካል። እሳቱ ሌላ ነው። ሁለት ማስረጃ አለኝ። የመጀመሪያው አንድ ልጅ ነው፤ በ2001 የጀርመን ሐኪሞች የዘገቡት። በዘር ምክንያት አንቲቦዲ የሚሠሩት ሴሎች ጨርሶ የሉትም፤ ጭስ ማውጣት የማይችል ቤት በሉት። ያም ሆኖ የስኳር በሽታው ያዘው፤ የልጅቷ ዓይነት።

ጋሼ፦ እሺ። አንቲቦዲ ባልነበረበት ግድያ ተፈጽሟል፤ አንቲቦዲ ለብቻው ተከሳሽ ሊሆን አይችልም። ሁለተኛው?

እኔ፦ ሁለተኛው ከአሜሪካ፣ ከሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1980ዎቹ ዴቪድ ሰዘርላንድና ባልደረቦቹ ከአንድ ዕንቁላል የወጡ መንትዮችን ይዘው ቀዶ ሕክምና አደረጉ። አንደኛው መንትያ ስኳር ካለበት ዓመታት አልፈውታል፤ ሌላው ጤነኛ ነው። ከጤነኛው ቆሽት ግማሽ ያህሉን ቆርጠው ለታማሚው ተከሉለት። ዘራቸው አንድ ስለሆነ ሰውነት የመንትያውን ሥጋ እንደ ባዕድ አይገፋም፤ ስለዚህ የንቅለ ተከላ መድኃኒት አልሰጡትም።

ጋሼ፦ ዳነ?

እኔ፦ ለጥቂት ሳምንታት። ከዚያ ስኳሩ ተመለሰ። ከተተከለው ቆሽት ትንሽ ቆርጠው በማይክሮስኮፕ ሲያዩ ኢንሱሊን የሚሠሩት ቤታ ሴሎች በቲ ሴል ተከበዋል፤ ብዙዎቹ አልቀዋል። ከጎናቸው ያሉት፣ ሌላ ሆርሞን የሚሠሩት ጎረቤቶቻቸው ግን አልተነኩም።

ጋሼ፦ ጎረቤት ሳይነካ!

እኔ፦ ሳይነካ። ቁርጥ ያለ ዒላማ ነው። ደግሞ ልብ ይበሉ፤ የታማሚው የራሱ ቤታ ሴሎች ካለቁ ዓመታት ሆኗቸዋል። የሚገደል ሳይኖር ገዳዩ ዒላማውን ሳይረሳ ቆይቷል።

(ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ችሎት ላይም እንዲሁ ያደርጉ እንደነበር እናቴ ነግራኛለች፤ አንድ ነገር ሲገባቸው ወይም ፈጽሞ ሳይገባቸው ሲቀር ነው።)

ጋሼ፦ ሌባሻይ ታውቂያለሽ?

እኔ፦ ስሙን ሰምቻለሁ።

ጋሼ፦ እኔም አልደረስኩበትም፤ አባቴ ናቸው ያወሩልኝ። ድሮ ዕቃ ሲጠፋ ለአንድ ትንሽ ልጅ መድኃኒት ያጠጡታል። ወገቡን ያስሩትና ገመዱን ሌባሻዩ ይይዛል። ልጁ ይሰክራል፣ ያብዳል፤ ሰፈሩን ያስሳል፣ ያነፈንፋል፣ በመጨረሻ አንዱ ቤት ገብቶ ይወድቃል። የቤቱ ባለቤት ሌባ ነው ይባላል፤ ይከፍላል። መሟገቻ የለ፣ ምስክር የለ። ያንቺ ቲ ሴል እሱ ነው። የልጅቷ ቆሽት ምን ሰረቀ? ገብቶ ወደቀበት እንጂ።

እኔ፦ ከማስተምርበት ምሳሌ ይሻላል። ብቻ ገመዱን የያዘውን ሰውዬ አይርሱብኝ። በ1969 ጃፓን ውስጥ ኒሺዙካና ሳካኩራ የተባሉ ተመራማሪዎች አይጦች በተወለዱ በሦስተኛው ቀን ታይመሳቸውን አወጡ። እንደ ሚለር በተወለዱበት ዕለት ሳይሆን በሦስተኛው ቀን። እንደ ሚለር አይጦች በሽታ የማይችሉ በመሆን ፈንታ፣ የእንስቶቹ ማሕፀን ጎን ያለው የዕንቁላል ዕጢ ወደመ። ሺሞን ሳካጉቺ የሚባል ወጣት ይህንን ይዞ ዓመታት ተከተለው። ከጤነኛ አይጥ ቲ ሴል ወስዶ ሲሰጣቸው በሽታው ቆመ።

ጋሼ፦ ተከሳሹን ጨምሮ ወንጀሉን አቆመ?

እኔ፦ ሁሉም ቲ ሴል አንድ አይደለማ። ከመካከላቸው ሌሎቹን የሚገታ ወገን አለ፤ በ1995 ሳካጉቺ ለይቶ አሳየው። በ2001 ደግሞ ሜሪ ብራንኮና ፍሬድ ራምስዴል፣ ይህ ወገን የሚታዘዝበት ጂን ሲበላሽ ምን እንደሚሆን አወቁ፤ ጂኑ ፎክስፒ3 ይባላል። ያለ እሱ የሚወለዱ ወንዶች ሕፃናት ቆሽታቸው፣ አንጀታቸው፣ ቆዳቸው በአንድ ጊዜ ይጠቃል። ሦስቱም በ2025 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ገመዱን የሚይዘው ያ የሚገታው ወገን ነው፣ ጋሼ።

ጋሼ፦ ገመድ ያዡ ካለ፣ ልጁ አይከሰስም። የሚከሰሰው ያጠጣው ነው። መድኃኒቱን ያጠጣው ማን ነው?

እኔ፦ እሱ ነው ከባዱ። እርስዎን በልጅነትዎ ውሻ ነክሶዎት አልነበረም?

ጋሼ፦ ነክሶኛል እንጂ። አባቴ ፓስተር ተቋም ወሰዱኝ። ሁለት ሳምንት በየቀኑ፣ ሆዴ ላይ። እምብርቴ ዙሪያ እንደ ቀጋ ፍሬ አባብጦ ነበር። አሁን እሱን ምን አመጣው?

እኔ፦ በአገራችን ለብዙ ዓመታት ይሠራ የነበረው የእብድ ውሻ ክትባት ከበግ አንጎል ነው። ፓስተር ራሱ በ1885 የጀመረው በጥንቸል ሕብለ ሰረሰር ነበር። የውሻውን ቫይረስ ገድለው ወይም አድክመው ሲወጉ፣ አብሮ የነርቭ ሥጋ ይገባል። በዓለም ዙሪያ ከተከተቡት ጥቂቶቹ፣ ውሻው ሳይሆን ክትባቱ ሽባ አደረጋቸው። በ1930ዎቹ ኒውዮርክ በሮክፌለር ተቋም ቶማስ ሪቨርስ ምክንያቱን ሊያጣራ ተነሣ። ምንም ቫይረስ የሌለበት ጤነኛ የጥንቸል አንጎል ጦጣዎችን ደጋግሞ፣ ለወራት ወጋቸው። ከጦጣዎቹ አንዳንዶቹ እግራቸው ዛለ፤ አንጎላቸው ሲታይ የነርቩ ሽፋን ተልጦ ተገኘ።

ጋሼ፦ እኔን የወጉኝ እሱን ነው?

እኔ፦ እርስዎ ከብዙዎቹ ነዎት፤ ምንም አልሆኑም፣ ከእብድ ውሻም ተረፉ። ያኔ ሌላ ምርጫ አልነበረም። ነገሩ ግን ማጠጣት ምን እንደሆነ ያሳያል። የነርቭ ቁራጭ፣ ከሚያስቆጣ ነገር ጋር አብሮ፣ ደጋግሞ ሲታይ፣ ዝም ብሎ ይዞር የነበረው ቲ ሴል ይነቃል። በ1981 ደግሞ እስራኤል ውስጥ፣ ሬሖቮት ባለው የዋይዝማን ተቋም፣ ቤን-ኑን፣ ቬከርለና ኮሄን የነርቭ ሽፋን ፕሮቲን የሚያይ ቲ ሴል ለይተው በሳህን አራቡ። እሱን ብቻ ጤነኛ አይጥ ውስጥ ሲጨምሩት አይጧ ሽባ ሆነች። አንቲቦዲ የለ፣ ክትባት የለ፤ ቲ ሴሉ ብቻ።

ጋሼ፦ ሬሖቮት የወንድሜ ሚስት እኅት ያለችበት? ብዙ የኛ ሰው አለ እዚያ።

እኔ፦ አዎ፣ እዚያው። እንዲያውም ወደ እስራኤል የሄዱ ቤተ እስራኤላውያን ልጆች ላይ የስኳር በሽታ አጥንተው፣ የዘር ተጋላጭነት ከአዲሱ አገር ኑሮ ጋር ሲገናኝ ነው ያሉ ተመራማሪዎች አሉ። በአዲሱ ኑሮ ውስጥ የትኛው ነገር እንደሆነ በጣት ማሳየት ግን ሌላ ነው። ለነርቭ ሽፋን በሽታ፣ መልቲፕል ስክለሮሲስ ለሚባለው፣ አንድ አጠጪ ተገኝቷል። በ2022 ከአሥር ሚሊዮን የሚበልጡ የአሜሪካ ወታደሮችን መዝገብ ያዩ የሃርቫርድ ሰዎች፣ ኤፕስታይን-ባር የተባለው ቫይረስ የያዘው ሰው ላይ በሽታው የመምጣቱ ዕድል 32 ጊዜ እንደሚጨምር አሳዩ።

ጋሼ፦ ቫይረሱን ካገኘን ታዲያ ምን ቀረ?

እኔ፦ ቫይረሱ ጎልማሳ የሆነ ሰው ሁሉ ውስጥ ማለት ይቻላል አለ። ሁሉም ጠጥቷል፤ የሚያብደው ጥቂቱ ነው።

ጋሼ፦ ይኼ ያንቺ ጉዳይ ተለዋጭ ቀጠሮ ሊበዛበት ነው። እሺ፣ ወደ መዝገቡ እንመለስ። አንድ ዓይነት ጥፋተኛ ካለ፣ አንድ ዓይነት ቅጣት ለምን አይበቃም? ለሦስቱም አንድ መድኃኒት ስጧቸውና እንገላገል።

እኔ፦ እኛም እንደዚያ ብለን ነበር፤ ትዕቢታችንን የሰበረውም እሱ ነው። ሶሪያሲስ የሚባል ቆዳን የሚያስቀርፍ በሽታ አለ። ቆዳው ላይ ያሉት ቲ ሴሎች ኢንተርሉኪን-17 የሚባል መልእክት ይረጫሉ። መልእክቱን የሚያግድ መድኃኒት ሲሰጥ የብዙው ታማሚ ቆዳ እንደ ሕፃን ይጠራል። አንጀት የሚያቆስለው ክሮን የተባለው በሽታ ውስጥም ያው መልእክት በብዛት አለ። ስለዚህ መድኃኒቱን ለክሮን ታማሚዎች ሰጡ። በ2012 ውጤቱ ሲወጣ፣ መድኃኒት ካልተሰጣቸው ይልቅ የተሰጣቸው ባሰባቸው።

ጋሼ፦ ለምን?

እኔ፦ አንጀት ውስጥ ያ መልእክት ግንብ ጠጋኝም ነው፤ የአንጀትን ሽፋን ያጠብቃል፣ ፈንገስ ያባርራል። ቆዳ ላይ አጥፊ የነበረው አንጀት ላይ ግንበኛ ሆኖ ተገኘ። ሌላም ልንገርዎት። መገጣጠሚያ ለሚያብጥባቸው ሰዎች ቲኤንኤፍ የተባለውን መልእክት ማገድ ተአምር ነበር፤ ለንደን ውስጥ ማይኒና ፌልድማን በ1992 ሲጀምሩ ደረጃ መውጣት ያቅታቸው የነበሩ ሰዎች መውጣት ቻሉ። ከዚያ መልእክቱን ለማገድ መልቲፕል ስክለሮሲስ ላለባቸው ተሞከረ። በ1999 የወጣው ውጤት፣ በሽታው ይበልጥ ተደጋገመባቸው የሚል ነው።

ጋሼ፦ በአንዱ አገር የሚያስቀጣው በሌላው አገር የሚያሸልም።

እኔ፦ እንደዚያ ነው። ደግሞ ተመሳሳዩን ገመድ ብንቆርጥ እንኳ የሚገባበት ቤት ይለያያል። ኪዮቶ ውስጥ ታሱኩ ሆንጆ የቲ ሴልን አንድ ፍሬን ከአይጦች ዘር አጠፋ። አንደኛው የአይጥ ዘር ላይ ኩላሊቱና መገጣጠሚያው ታመመ። ሌላው ዘር ላይ ልቡ ሰፍቶ ደከመ። የጠፋው ፍሬን አንድ ነው፤ አይጡ ሌላ ዘር ስለሆነ ብቻ ሌላ ቤት።

ጋሼ፦ እንግዲያው ቤቱም ድርሻ አለበት።

እኔ፦ እኔ እስከዚያ አልሄድም።

ጋሼ፦ ለምን አትሄጂም? ሌባሻይ የሚገባበት ቤት በር የተከፈተ ነው። አባቴም ይሉ ነበር፤ ብልህ ሰው ልጁ ሲመጣ በሩን ይዘጋ ነበር።

እኔ፦ (ተናድጄ ነበር፤ አሥራ ሁለት ዓመት የሆናትን ልጅ ቆሽት ጥፋተኛ ማድረግ ከበደኝ። ግን ልክ ናቸው።) እሺ። በ1986 ቦታትዞ የሚባል ጣሊያናዊ ይህንኑ ጠይቋል፤ ቤታ ሴል የምትሞተው ተገድላ ነው ወይስ ራሷን አጥፍታ? አዲስ የታመሙ ሰዎች ቆሽት ሲታይ፣ ቤታ ሴሎቹ ያን ደጃፍ ላይ የሚሰጣውን ቁራጭ ከልክ በላይ አብዝተው ያሰጣሉ። ኢንሱሊን መሥራት አድካሚ ሥራ ነው፤ የደከመች ሴል የተበላሸ ፕሮቲን ታወጣለች፤ ታይመስ ውስጥ ናሙናው ያልቀረበ ዓይነት። ዘበኛው ያንን ያያል። ዘበኛው ጥፋት የለበትም፣ ቤቱም የለበትም፤ ግን በሁለቱ መካከል ሰው ይሞታል።

ጋሼ፦ በሩንስ መዝጋት አይቻልም?

እኔ፦ ተሞክሯል። ቲ ሴል ከደም ወደ አንጎል የሚገባው የሚይዝበት መንጠቆ ስላለው ነው። መንጠቆውን የሚሸፍን መድኃኒት በ2004 ተፈቀደ፤ የነርቭ በሽታውን በጣም ቀነሰው። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ግን ዘበኛ ባጣው አንጎል ውስጥ ተኝቶ የነበረ ቫይረስ ነቅቶ ሰው ገደለ። በ2005 መድኃኒቱ ተነሣ፤ በ2006 በብርቱ ጥንቃቄ ተመለሰ። ዛሬም በጥንቃቄ ነው የሚሰጠው።

ጋሼ፦ የኔስ? የኔ እጅ ምን ሰረቀ?

(እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። ጣቶቻቸው እስከ አንጓቸው ነጭ ናቸው። አንድ ጊዜ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ፋይል ከእጃቸው ከመቀበል ይልቅ “ጠረጴዛው ላይ ይተዉት” እንዳላቸው ነግረውኛል፤ ያኔ ገና ዳኛ ነበሩ። ለምጽ አይተላለፍም፤ ሥጋ ደዌም አይደለም። ይህን ስንት ጊዜ እንደተናገርኩ አላውቅም።)

እኔ፦ የእርስዎ እጅ ላይ ገዳይ የሚባለው የቲ ሴል ዓይነት ለቆዳ ቀለም የሚሠሩትን ሴሎች ለቅሞ ይገድላል። ሁለት ነገር ልንገርዎት። አንደኛ፣ ከገዳዮቹ አንዳንዶቹ ከሥራ በኋላ አይሄዱም፤ ቆዳው ውስጥ ቤት ሠርተው ይቀራሉ። ለዚህ ነው መድኃኒት ሲቆም ነጩ እዚያው ቦታ ላይ የሚመለሰው። ሁለተኛው ይገርምዎታል፤ የቆዳ ቀለም ሴል ካንሰር ሲሆን ሜላኖማ ይባላል። ለሱ የሚሰጠው አዲሱ ሕክምና የቲ ሴልን ፍሬን ማንሣት ነው፤ ሆንጆ ከጄምስ አሊሰን ጋር በ2018 ኖቤል ያገኘበት። ከታከሙት መካከል ለምጽ የወጣባቸው በአማካይ የተሻለ ዕድሜ ያገኛሉ።

ጋሼ፦ ለምጽ የወጣበት ይደሰታል?

እኔ፦ ሐኪሙም ይደሰታል። ቲ ሴሉ ጠላቱን አገኘ ማለት ነው፤ ጎረቤቱንም አብሮ ቢነካ እንኳ። ግን ፍሬኑ ሲነሣ ሌሎች ደግሞ ታይሮይዳቸው ይጠቃል፣ አንጀታቸው ይቆስላል፣ ጥቂቶች በሳምንታት ውስጥ የልጅቷ ዓይነት ስኳር ይይዛቸዋል። ሦስቱን ካርድ አንድ ቤት አየን፤ እዚያ አንድ ሰው ላይ ይታያል።

ጋሼ፦ እሺ፤ መዝገቡ ተጣምሯል። ግን አንድም ጊዜ በሩ ተዘግቶ፣ ልጁ ረክቶ የተቀመጠበት አልነገርሽኝም። ሁሉም ማገድ፣ ሁሉም መቁረጥ ነው።

እኔ፦ አንድ አለ፤ ሲሊያክ። ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን ሲገባ የሚነቃ ቲ ሴል የአንጀትን ሽፋን ያጠፋል። ያጠጣው ማን እንደሆነ በእርግጠኝነት ከምናውቃቸው ጥቂቶች አንዱ ነው። ቪለም ዲከ የሚባል የሆላንድ የሕፃናት ሐኪም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ጀምሮ ስንዴን ይጠረጥር ነበር። በ1944 መጨረሻ ጀርመን ሆላንድን ዘግታባት ረሀብ ገባ፤ ዳቦ ጠፋ። ሌላው ሲከሳ የእሱ ታማሚ ሕፃናት ተሻላቸው። ዳቦ ሲመለስ ተመልሰው ታመሙ።

ጋሼ፦ ረሀብ መድኃኒት ሆነ።

እኔ፦ ስንዴ ማጣት ነው። ከዚያ ስድሳ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ እዚያው ሆላንድ፣ ላይደን ውስጥ፣ ስለ ጤፍ ጠየቁ። ጤፍ ግሉተን አለው ወይ? በኬሚካል ብቻ አልለኩም፤ ከሲሊያክ ታማሚዎች የወሰዱትን ቲ ሴል ራሱን አመጡና የጤፍ ፕሮቲን አሳዩት። ቲ ሴሉ ዝም አለ። በ2005 ታተመ።

(ጋሼ ሳቁ። እስካሁን አልሳቁም ነበር።)

ጋሼ፦ ተከሳሹን ለጤፍ መከላከያ ምስክር አድርገው አቆሙት! ይሄስ ጥሩ ነው። እኔ እኮ የጤፍ የባለቤትነት መብት ክርክሩን ተከታትያለሁ። ሆላንድ ውስጥ የጤፍ ዱቄት የኔ ፈጠራ ነው ያለ ድርጅት ነበር፤ ሄግ ያለው ፍርድ ቤት በ2018 ይሄ ፈጠራ አይደለም ብሎ ሻረው። ልክ ፍርድ ነው። ጤፍ ስታስፈጭ የኖረች እናታችን ምን ልትባል ነው?

እኔ፦ ብቻ አዲስ አበባ ውስጥ እንጀራው ላይ ስንዴና ገብስ የሚደባልቅ ስንቱ ነው። ሲሊያክ ያለበት ሰው “እንጀራ ነው” ስለተባለ ብቻ አይተማመን።

ጋሼ፦ የልጅቷንም ቆሽት የሚያስቆጣውን ብናገኝ፣ ከገበታ እንደማንሣት ይሆናል ማለት ነው።

እኔ፦ አይሆንም፣ ጋሼ። እሷን የሚያስቆጣው ኢንሱሊን ራሱና ኢንሱሊን የሚሠራው ሴል ነው። ከገበታ የሚነሣ አይደለም።

ጋሼ፦ ታዲያ ምንም?

እኔ፦ አንድ መድኃኒት በኅዳር 2022 አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል፤ ቴፕሊዙማብ። ሁለት ሳምንት በደም ሥር የሚሰጥ ነው። ቲ ሴሉን አይገድለውም፤ ያደነዝዘዋል። ጭሱ ወጥቶ፣ ማለት አንቲቦዲው ታይቶ፣ ስኳሩ መዛባት ጀምሮ፣ ግን በሽታው ገና ሳይገለጥ ሲሰጥ፣ በሙከራው ላይ በሽታውን በአማካይ ሁለት ዓመት ያህል አዘገየው። ለዚህ ዓይነት ስኳር በሽታው ሳይገለጥ ሂደቱን ያዘገየ የመጀመሪያው መድኃኒት ነው።

ጋሼ፦ ሁለት ዓመት።

እኔ፦ ለአሥር ዓመት ልጅ ሁለት ዓመት ያለ መርፌ ነው። ለእሷ ግን አልፏል። ዋጋውም የኛ ዋጋ አይደለም።

ጋሼ፦ ታናሽ ወንድሟስ?

እኔ፦ አንቲቦዲውን ማስመርመር ይቻላል። የታማሚ ወንድምና እኅት ከሆኑት አብዛኞቹ ፈጽሞ አይታመሙም። ከተገኘበት ደግሞ ምን እናደርግለታለን የሚለው ጥያቄ ይመጣል። እኔ ብሆን አስመረምረው ነበር። እናቱ ምን እንደምትል አላውቅም።

ጋሼ፦ እናቱን እኔ እጠይቃታለሁ።

ልጅቷ ከኩሽና ወጣች። ሹሮው ደርሷል፤ እኛ ግን አላየንም። “አያዬ፣ ጨረሳችሁ? ልወጋ ነው” አለች። ከማቀዝቀዣው ያወጣችውን ኢንሱሊን በመዳፏ እያሸች፣ ወንበር ስባ ካርዶቹ አጠገብ ተቀመጠች። አንድ እንጀራ ነው ወይስ አንድ ተኩል የምትበላው ብላ ለራሷ አጉረመረመች፤ አሰበች፤ ስሪንጋውን ወደ ብርሃኑ ይዛ ቆጠረች። ሸሚዟን ገለጥ አድርጋ ሆዷን ቆነጠጠች።

ጋሼ መነጽራቸውን አንሥተው ወደ መስኮቱ ዞሩ።